«ከፍትፍቱ ፊቱ»፤ ግን የማን ፊት?

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ሁለት ቃል ብቻ ነው። ማሰሪያው ተውጧል። ሲሞላ «ከፍትፍቱ ይልቅ ፊቱ ይበልጣል» እንደማለት ነው። ፍትፍቱ ያው እንጀራ ተቆራርሶ ወጥ ውስጥ ሲፈተፈት የምናውቀው ነው። ፊቱ ደግሞ የጋባዡ ፊት። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ስለሚቀራረቡ ለአፍም ይጥማል።

አባባሉ የመጣው ከመሶብ ዙሪያ ነው። አገራችን እንግዳ ዝም ተብሎ አይተውም። «ብሉ እንጂ!» ይባላል፣ «በሞቴ!» ይባላል፣ ይጎረሳል። ዶሮ ተሠርቶ የቤቱ ሰው ፊቱን ቅጭም ካደረገ እንግዳው ሁለቴ ጎርሶ «ጠገብኩ» ይላል። በደረቅ ሽሮ የሳቁለት ግን ሌላ ቀንም ይመጣል። ሰውን ማሳፈር «ፊት መንሳት» የተባለውም በከንቱ አይደለም።

አሁን አባባሉ ምግብ ቤት ገብቷል። እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል። እቤት ፍትፍቱም ፊቱም የአንድ ሰው ናቸው። ምግብ ቤት ግን ፍትፍቱ የባለቤቱ ነው፣ ፊቱ የአስተናጋጇ። ጠዋት ባለቤቱ ያጠቆረውን ፊት ምሳ ሰዓት ላይ የምናየው እኛ ነን።

አንድ ረቡዕ ከጓደኛዬ ጋር በየዓይነቱ ልንበላ ገባን። ሽሮው ገና እየፈላ መጣ፤ እንጀራው ለስላሳ ነው። አስተናጋጇ ውሃ እየቀዳችልን ሳለ ከካሸሩ በኩል «አንቺ! የትናንቱ ብርጭቆ ከደመወዝሽ ይቆረጣል፣ እንዳትረሺ!» የሚል የባለቤቱ ድምፅ መጣ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ልጅቷ ቀና አላለችም፤ ውሃው ግን ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ሚጥሚጣ ለመጠየቅ እንኳ ከበደን። ስንወጣ ጓደኛዬ «ምግቡ አሪፍ ነው፤ በቀጣይ ግን ሌላ ቤት እንሞክር» አለኝ።

(ስለ ቆረጣው ካነሳን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ባለቤት በተናደደ ቁጥር ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።)

ሌላ ቤት ደግሞ ጥብሱ ጠንክሮብኝ ለአስተናጋጇ ነገርኳት። «ይቅርታ ጋሼ» ብላ ሳህኑን አነሳች። ወደ ካሸሩ ዞራ ሳታይ በቀጥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ይህቺ ልጅ የታመነች ናት፤ ከጀርባዋ የሚጮህባት የለም። የእኔ ችግር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሪትዝ ካርልተን የሚባለው የቅንጦት ሆቴል ይህንኑ ደንብ አድርጎ ይሠራበታል። ሠራተኛው የእንግዳን ችግር ለመፍታት አለቃውን ሳያስፈቅድ ለአንድ እንግዳ እስከ 2,000 ዶላር ማውጣት ይችላል። ገንዘቡ አይደለም ዋናው፤ ያን ያህል የሚያስወጣ ችግር በየቀኑ አይገጥምም። ዋናው «አምንሃለሁ» የሚለው ነው። የታመነ ሰው «ባለቤቱን ልጠይቅልዎት» እያለ አያመላልስም።

ደግሞም የተከበረ ሠራተኛ ይቆያል። የቆየ አስተናጋጅ ማን ማኪያቶ ጠቆር ያለ እንደሚወድ፣ ማን ስኳር እንደተከለከለ ያውቃል። በየሁለት ወሩ አዲስ ሰው የሚቀጥር ቤት ደንበኛውን በየሁለት ወሩ እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ጉርሻ የምንሰጠውም ለምናውቀው ፊት ነው፤ ቃሉ ራሱ ከመሶቡ የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በየዓይነቱ በበላንበት ቤት በኩል አለፍኩ። በሩ ላይ «ልምድ ያላት አስተናጋጅ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል።