«ዳዊት ይዟል፣ ጥይት አይነካውም» እና ሌሎች ለወታደር እናት የምንላቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ሲመሽ ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል። ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም። በእኛ ግቢም ቡና የሚፈላው ደጅ ነው። ከመካከላችን አንዷ እናት ስልኳን ከረከቦቱ አጠገብ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ልጇ ግዳጅ ላይ ነው። የሚደውለው ኔትወርክ ሲያገኝ ብቻ ነው። አሁን ሦስት ሳምንት ሆነው።

እኛም እናጽናናታለን። ከልባችን ነው። ግን ከምንላት ግማሹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይገጥምም። ከራሴ ልጀምር።

«ዳዊቱን ይዞ ሄዷል፣ ጥይት አይነካውም»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ሲሄድ ትንሿን መዝሙረ ዳዊት በፌስታል ጠቅልላ ከካልሲዎቹ መሃል ስትወሽቅ አይቻለሁ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለው መዝሙር ተስፋዋ ነው። (ኦርቶዶክሱ 90 ነው ይላል፣ ጴንጤው 91። አትጣሉ፣ መዝሙሩ አንድ ነው። የግሪኩ ትርጉም መዝሙር 9ን እና 10ን አንድ ላይ ስለሚቆጥር ነው ቁጥሩ የተለያየው።)

ግን ይህንኑ መዝሙር ሰይጣንም ጠቅሶታል። ማቴዎስ 4 ላይ ጌታን መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወርውር፣ መላእክቱ ይይዙሃል ተብሎ ተጽፏል» አለው። ጌታም አምላክህን አትፈታተነው ብሎ መለሰለት። መዝሙሩ «ክፉ ነገር ወደ አንተ አይቀርብም» ይላል፣ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። «በመከራው ጊዜ አብሬው ነኝ»ም ይላል፤ መከራ ከነጭራሹ አይመጣም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ዳዊቱ ይነበብ። ጭንቅላቱን ለመከላከል የተሠራው ግን የራስ ቁሩ ነው፣ እሱንም ያጥልቅ።

«ስለቷን ስላላደረሰች ነው»

ይህ ከሁሉም ይከፋል። የሌላ ሰፈር ሴት ልጇ ቆስሎ ሲመጣ ለቁልቢ የተሳለችውን አላስገባችም ተብሎ ተወራባት። ወሬው ለቅሶዋ ላይ ሌላ ለቅሶ ጨመረባት።

ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ቁልቢ የሚሄደውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥላ የያዘ አለ፣ ጧፍ የያዘ አለ፣ ልጁን ያዘለ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ራሳቸው የሐረር ገዥና የዓድዋ ዘማች ነበሩ። ስለት ምስጋና ነው። «አልከፈልሽም፣ ስለዚህ ልጅሽን» ማለት ገብርኤልን አራጣ አበዳሪ ማድረግ ነው።

ጌታ ራሱ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሰ ኃጢአተኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሏል። ሐዋርያት ሥራ 12 ላይም ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ፣ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወህኒ አወጣው። ለያዕቆብ የጸለየለት ጠፍቶ ነው? ማነው ደፍሮ እንዲህ የሚል?

«ለወታደር መጸለይ ለድል መጸለይ ነው»

ለድልም ይጸለያል። ነሐሴ 1969 ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ስለነበር፣ ከተማዋ እንዳትያዝ የለመኑ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም አሉ። አልፈርድባቸውም።

ግን መሳፍንት 5ን አንብቡት። የዲቦራ የድል መዝሙር ነው። ዘጠኝ መቶ የብረት ሰረገሎች የነበሩት የጠላት ጦር አለቃ ሲሣራ ተሸንፎ ተገድሏል። በዚያ ሁሉ ፈንጠዝያ መሃል መዝሙሩ ድንገት ወደ ጠላት ቤት ይዞን ይገባል፦ የሲሣራ እናት በመስኮት ታያለች፣ ሰረገላው ለምን ዘገየ ትላለች። አሳዝኗት ይሁን ቀልዶባት የዘፈነው ሰው ያውቃል፣ እኔ ግን ያቺን መስኮት ካነበብኩ በኋላ ልረሳት አልቻልኩም። የግቢያችን እናትም ለልጇ ስትጸልይ መጨረሻው ላይ «የእናት ልጅ የሆነውን ሁሉ» ትላለች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኳትም።

«ደም የነካ እጅ ቤተ ክርስቲያን አይገባም»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ወታደሮቹ ራሳቸው ናቸው። ለፈቃድ መጥተው ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ልብሳችሁን አውልቁ አላላቸውም። ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። (የመጨረሻዋ በዛሬ ኑሮ ከባድ ናት።) ቆርኔሌዎስ የመቶ አለቃ ሆኖ ነው የተጠመቀው።

ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ፣ በጦርነት የገደለ እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም፣ ምናልባት ግን ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢቆይ መልካም ነው ብሎ ጽፏል። ቁስሉን አልናቀውም፣ በሩንም አልዘጋም። ለነፍስ አባት መንገር ያለበት ሰው አጥር ላይ መቅረት የለበትም።

ሌሊት እየባነነ ለሚጮኸውም «ጠበል ይበቃዋል» አትበሉ። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይይ። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

«ጠንከር በይ፣ አታልቅሺ»

ዳዊትና ሰዎቹ ከተማቸው ጺቅላግ ተቃጥላ፣ ቤተሰባቸው ተማርኮ ባገኙ ጊዜ ለማልቀስ አቅም እስኪያጡ አለቀሱ። ጎልያድን የጣለው ሰው ነው።

«ምን ብዬ ላጽናናት?»

ምንም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የተበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። በእኛ ግቢ ይህ የገባት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት። ጥቅስ አትጠቅስም። «ዱዓ አድርጌያለሁ» ትልና ትቀመጣለች። ባለፈው ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ ያንን ስልክ ከረከቦቱ አጠገብ አንስታ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ሄደች። እስኪሞላ እዚያው ጠብቃ፣ መቶ ፐርሰንት አድርጋ መለሰችላት።