ከሬቲና ሥር ላለ እባጭ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተናጋሪ በሬዲዮ «ዓይን ውስጥ ያለውን እባጭ በጨረር ያቃጥሉታል» ሲል ሰማሁ። በማግስቱ ከአጋሮ ወደ ጅማ የመጡ አንዲት እናት ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ዓይኔን ልታቃጥሉት ነው?» አሉኝ።

አያቃጥልም! የሚያቃጥለው ሌዘር ነው። ሌዘር ብርሃን ነው፤ በሙቀት ይሠራል፤ በስኳር ሕመም የተጎዳ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ እናክምበታለን። የራጅ ዘመድ የሆነው ጨረር ግን የሴሉን ዘረ መል ይጎዳል። አብዛኞቹ ሴሎች በዚህ ጉዳት የሚሞቱት ሊከፋፈሉ ሲሞክሩ ነው። ሰውነትን ከተሕዋስ የሚጠብቁት፣ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን መከፋፈል እንኳ ሳይጀምሩ፣ በትንሽ የጨረር መጠን ከውስጥ ፈርሰው ይሞታሉ። ከሬቲና ሥር ባለው፣ ኮሮይድ በተባለው የደም ሥሮች ሽፋን ተከማችተው እባጭ የሚሠሩት አንዳንድ ጊዜ እነዚሁ ናቸው። ለእነሱ 24 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለራስና አንገት ካንሰር የሚሰጠው እስከ 70 ግሬይ ይደርሳል።

የጌራን ንብ አናቢ አስቡት። ማር ሊቆርጥ ሲወጣ ቀፎውን በጭስ ያጥናል እንጂ አያነደውም። ጭሱ ከበዛ ማሩ ራሱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ጨረርም ከበዛ የሞራ ግርዶሽ ያስከትላል፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም የሬቲናን የደም ሥሮች ይጎዳል። በአንድ ነገር ግን ምሳሌው አይገጥምም፦ ንቦቹ ወዲያው ይረጋጋሉ፣ እባጩ የሚሟሽሸው ግን በሳምንታትና በወራት ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ተናጋሪው ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ «ሌላው ካልሆነ ጨረሩ ይሞከር» ባለው ነው። ንቦቹ የተሰበሰቡት ጉንዳን ገብቶባቸው ቢሆንስ? ያን ጊዜ ያጠነ ሰው ጠባቂዎቹን አዳክሞ ቀፎውን ለጉንዳን ያስረክባል። በእኛ አገር ከኮሮይድ እባጭ ጀርባ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ካለ መድኃኒቱ የነቀርሳ መድኃኒት ነው። ይህ ሳይጣራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት፣ ብቻውን የሚያዝዝ ባለሙያም ያው ስሕተት ይሠራል። ሊምፎሳይቶቹ ራሳቸው ቀስ ብሎ የሚያድግ ሊምፎማ (የሊምፎሳይት ካንሰር) ሊሆኑም ይችላሉ፤ ከዚያ ቦታ ናሙና መውሰድ ደግሞ ለዓይኑ አደጋ አለው። ስለዚህ ስለ ሌሊት ላብና ስለ ሳል እንጠይቃለን፣ የደረት ራጅ እናስነሳለን፣ ደም እንመረምራለን። ጨረር የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለጥቂቶች ብቻ ነው።

የአጋሮዋ እናት የነቀርሳ መድኃኒታቸውን ጀምረዋል።