“አናሎግ አልፎበታል” ማን አላችሁ?

ቲቪው ዲጂታል ስለሆነ የአማተር ሳተላይት ሬዲዮም (ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለፍላጎታቸው በሳተላይት የሚያወሩበት) ያው ነው ብሎ የደመደመ ሰው ብዙ ነው። የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ያለው እዚሁ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው፤ ወሬው ግን አልጠራም። እስቲ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

“አናሎግ ያረጀ ነው።” ኤኦ-7 የሚባለው ሳተላይት በፈረንጆቹ 1974 ተወነጨፈ፣ በ1981 ባትሪው ሞተ፣ አለቀለት ተባለ። በ2002 ድንገት ተሰማ! ያለ ባትሪ፣ ፀሐይ ሲያገኝ ብቻ የሚሠራ ሆኖ። ውስጡ ያለው አናሎግ ትራንስፖንደር የመጣለትን ሁሉ ፍሪኩዌንሲውን ቀይሮ፣ አጉልቶ ይመልሳል እንጂ ምንነቱን አይመረምርም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ጎን ለጎን፣ አንዱ በሞርስ (በአጭርና በረጅም ጢጥታ በሚላክ ፊደል) ሌላው በድምፅ፣ በአንድ ጊዜ ያወራበታል።

“ዲጂታል ሁሌም ጥርት ይላል።” ሲግናሉ እስከበቃ ድረስ አዎ። ሲዳከም ግን ዝናብ ሲጥል እንደ ዲሽ ቲቪ ተቆራርጦ ድርግም ይላል። በኤስኤስቢ (ድምፅ በጠባብ ቦታ የሚላክበት አናሎግ ዘዴ) የመጣ ደካማ ድምፅ ግን ሬዲዮው ሽሽ እያለም ቢሆን የጥሪ ምልክቱ፣ ማለትም የላኪው መለያ፣ ይለቀማል። እርግጥ ጆሮ የማይሰማውን የሚያነቡ ዲጂታል ዘዴዎች አሉ። ችግሩ የረጋ ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋሉ፣ ዝቅ ብሎ የሚሮጥ ሳተላይት ደግሞ ከፍጥነቱ የተነሳ ፍሪኩዌንሲው በ437 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ኪሎኸርትዝ ያህል ይንሸራተታል።

“ውድ ዲጂታል ሬዲዮ ካልገዛህ አይሆንም።” ውሸት። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.825 ሜጋኸርትዝ የሚለቀው የዲጂታል መልእክት 1200 እና 2200 ኸርትዝ የሆኑ ሁለት ድምፆች ናቸው፣ የሚጓዙትም በተራ ኤፍኤም ነው። የእጅ ሬዲዮና ስልክ ላይ ያለ አፕ ይበቃል።

“ዲጂታል ማለት ሚስጥር ነው።” አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ ትርጉም ለመደበቅ መመስጠርን ይከለክላል፤ መመስጠር የሚፈቀደው ለሳተላይቱ ለሚላኩ የቁጥጥር ትእዛዞች ብቻ ነው።

“ወይ ይሄ ወይ ያ ነው።” ኪውኦ-100 የሚባለውን ሳተላይት እዩት። በ2018 የተወነጨፈ ነው፣ በጠባቡ ክፍሉ ሞርስና ኤስኤስቢ ድምፅ፣ በሰፊው ክፍሉ ዲጂታል ቲቪ ያስተላልፋል። ከፒያሳ ጣሪያ ሲታይ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ንቅንቅ አይልም። 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ላለው አረብሳት የተስተካከለ ዲሽ ካላችሁ አቅጣጫው ያው ነው! የቲቪ ሪሲቨር ግን ጠባቡን ክፍል አይሰማም። ኤስዲአር (ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ሬዲዮ) ያስፈልጋል፣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለችውን መቀበያ) የሚያበራ ኃይልም እንዲሁ፤ ከ10489.5 ሜጋኸርትዝ የሚጀምረውን ጠባብ ክፍል ኤልኤንቢው ወደ 739.5 ያወርደዋል። ርካሽ ኤልኤንቢ ቀን በፀሐይ ሲግል፣ ማታ በብርድ ሲቀዘቅዝ ፍሪኩዌንሲው ይሸሻል። ድምፅ ከሆነ በማውዝ እያሳደዳችሁ ትሰማላችሁ፤ ቀጭኑ ዲጂታል ግን ያኔ ነው የሚያስመርረው። መስማቱ ይሄን ያህል ነው፣ ለመላክ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ።