«የካምፓስ አምባሳደር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስሙ ትልቅ ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ኩባንያ ዕቃውን ወይም አፑን ለተማሪዎች መሸጥ ሲፈልግ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚማር ልጅ መልምሎ እንዲያስተዋውቅለት ያደርጋል፤ አምባሳደሩ ይህ ልጅ ነው። ተማሪ ከማስታወቂያ ይልቅ የዶርም ጓደኛውን ያምናላ! የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራቹን ሬድ ቡልን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለዓመታት የሠሩበት ዘዴ ነው።

ግራ የሚያጋባው ክፍያው ነው። አንዳንዱ በሰዓት ይከፍላል። ሌላው ኮሚሽን ብቻ ነው የሚሰጠው። አምባሳደሩ የራሱ የቅናሽ ኮድ ይሰጠዋል፤ በዚያ ኮድ ሰው ሲገዛ ድርሻ ያገኛል፤ ካልተገዛ ባዶ እጁን ይቀራል። ቲሸርትና ናሙና ብቻ ሰጥተው «ለሲቪህ ይጠቅምሃል» የሚሉም አሉ። እኔ ይሄኛውን አልወደውም። ፖስተር ሲለጥፍ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ሲያናግር የዋለ ልጅ ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት «ክፍያው በሰዓት ነው በሽያጭ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መጀመሪያ ዕቃውን በራስህ ገንዘብ ግዛ ከተባልክ ደግሞ ተወው።

ብዙዎች የማያውቁት ደንብም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት፣ ገንዘብም ሆነ ነጻ ዕቃ ተቀብሎ ምርት የሚያወድስ ሰው ይህንኑ በግልጽ መናገር አለበት። «ይሄ ጫማ ምርጥ ነው» ብሎ መለጠፍ አይበቃም። «ኩባንያው ይከፍለኛል» የሚለው እዚያው ፖስቱ ላይ፣ ሰው በቀላሉ በሚያየው ቦታ መጻፍ አለበት።