መዋዕለ ሕፃናት በድሬዳዋና በሐረር፦ ታሪኩና ጥናቱ

መዋዕለ ሕፃናት ለአንደኛ ክፍል ያልደረሱ ልጆች የሚማሩበት ቤት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች አጸደ ሕፃናት ይሉታል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ዛሬ ስሙ «ኬጂ» ነው። በኢትዮጵያ ስለዚህ ትምህርት የሚጻፍ ጥናት ብዙውን ጊዜ መግቢያው ላይ ድሬዳዋን ሳያነሳ አያልፍም፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው በእሷ ነውና። ከመግቢያው በኋላ ግን ከተማዋ ደግማ አትነሳም። ይህ ዳሰሳ ድሬዳዋንና ሽቅብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን እናቷን ሐረርን አንድ ላይ ያያል።

ከባቡሩ በፊት

ሐረር ውስጥ ሕፃን ልጅን ማስተማር አዲስ ነገር አልነበረም። በጁገል ግንብ ውስጥ ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ካቢር (የቁርአን መምህር) ዘንድ ይቀመጡና ከአሊፍ ይጀምራሉ። መጻፊያቸው ከእንጨት የተሠራ ሉህ ነው፤ የተጻፈበት ሲጠና ይታጠባል፣ ቀጣዩ ይጻፍበታል። በክርስቲያኑ በኩል ደግሞ የኔታ ፊደል ገበታውን ይዘው ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ያሻግራሉ። በሁለቱም ቤት ልጅ የሚያልፈው በዕድሜው ሳይሆን በያዘው ልክ ነው፤ የቀደመውም የኋለኛውን ያስጠናል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ «ልጅ ለልጅ» የሚል ስም ወጥቶለት እንደ አዲስ ዘዴ ተመልሶ መጥቷል። የኔታ ቢሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም።

ሐረሮች በዚህ ላይ የሚያክሉት አላቸው፦ ልጅ ተፈሪ መኰንን ፈረንሳይኛን የተማሩት እዚሁ፣ ከሐኪሙ ቪታሊያንና ከአባ ሳሙኤል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ መስፍን ልጅ መምህር መቅጠርና መዋዕለ ሕፃናት መክፈት አንድ አይደለም።

የሐዲዱ ልጆች

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ፈቃዱን ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ መስመሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ ስሙ ግን አልጸናም፣ ድሬዳዋ አሸነፈ። ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የከዚራን ሰፈር ሠራ፤ ነጋዴውና ሠራተኛው በመጋላ በኩል ሰፈረ።

ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ሐዲዱ ለዓመታት ከድሬዳዋ አላለፈም። አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድሬዳዋ የመስመሩ ማብቂያ፣ የመጋዘንና የጥገና ከተማ ነበረች፤ ፈረንሳውያኑ ባለሙያዎችም ቤተሰባቸውን ይዘው ኖሩባት። መዋዕለ ሕፃናቱ የተከፈተው ለእነዚህ ሰዎች ልጆች ነው።

መቼ? እዚህ ላይ ጽሑፎቹ አይስማሙም። አንዳንዶቹ 1898 ይላሉ፣ ሌሎቹ ወደ 1900 ያስጠጉታል፤ ብዙዎቹም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይለዩ እርስ በርስ ይቀዳሉ። ቁጥሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ነገሩ አይሆንም፤ በ1898 ሐዲዱ ገና ከጅቡቲ ብዙም አልራቀም ነበር፣ በ1900ም ገና ድንበሩ ላይ ደወሌ ነበር። ከተማ በሌለበት መዋዕለ ሕፃናት ሊኖር አይችልም። ቁጥሮቹ በእኛ አቆጣጠር ከተወሰዱ ግን 1898 ዓ.ም. ወደ 1905/06፣ 1900 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 1907/08 እ.ኤ.አ. ይመጣሉ። ያኔ ባቡሩ ደርሷል፣ ቤተሰቦቹም ገብተዋል። ለዚህ ጸሐፊ ይህኛው ንባብ የሚያሳምን ነው። ቀዳሚነቱ ግን የድሬዳዋ መሆኑ በዚህ አይነካም።

ከዚያ ወዲህ

በንጉሡ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት በዋናነት የከተማና የባለአቅም ቤተሰብ ነገር ሆኖ ቆየ። በደርግ ጊዜ ቀበሌዎችም መክፈት ጀመሩ። የሐረሩ የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደርም በግቢው መዋዕለ ሕፃናት ካላቸው ተቋማት አንዱ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ቢጠቅስም ሥራውን በተግባር ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ተወው። ውጤቱ በሁለቱም ከተሞች በየሰፈሩ የሚታየው የግል ኬጂ ነው፦ ግድግዳው ላይ የተሳሉ እንስሳት፣ መምህሯን «ሚስ» የሚሉ ሕፃናት፣ ከእናት ቋንቋ ፊደል አስቀድሞ የሚመጣ ኤ ቢ ሲ ዲ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ያወጡት ብሔራዊ ማዕቀፍ መንግሥትን ወደ ሥራው መለሰ፤ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ኦ ክላስ» የሚባለውን ዜሮ ክፍል ከፈቱ። ከ6 በመቶ በታች የነበረው የአገሪቱ ቅድመ መደበኛ ተሳትፎ በአጭር ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ሆነ። ከዚህ ዝላይ ብዙው የመጣው ዜሮ ክፍል በቆጠራው ስለገባ ነውና ቁጥሩን ሲያነቡ ይህን ማሰብ ይበጃል። የ2015 ዓ.ም. አዲሱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል።

ጥናቱ ምን ይላል፣ የት ነው የተጠናው

በኢትዮጵያ ስለ ሕፃናት ትምህርት በብዛት የሚጠቀሰው መረጃ «ያንግ ላይቭስ» ከተባለው ረጅም ክትትል የመጣ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ 2,000 ያህል የአንድ ዓመት ዕድሜ አካባቢ ሕፃናትንና 1,000 ያህል የስምንት ዓመት ልጆችን ከ20 ቦታዎች ይዞ ለዓመታት ተከተለ። ተመራማሪው ጣሰው ወልደሃና በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርተው፣ በከተማ መዋዕለ ሕፃናት የገቡ ልጆች በቃላትና በቁጥር ፈተና ካልገቡት እንደሚበልጡ አሳይተዋል። ግኝቱ ጠቃሚ ነው። ይሁንና 20ዎቹ ቦታዎች በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ የተመረጡ ናቸው። ድሬዳዋም ሐረሪም የሉበትም።

አካባቢው ግን ከተመራማሪ ዓይን የራቀ አይደለም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቀርሳና በሐረር ነዋሪውን ቤት ለቤት የሚከታተሉ የጤናና ሥነ ሕዝብ ጣቢያዎች አሉት፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሞት ምክንያት የሚመረምረው ዓለም አቀፉ «ቻምፕስ» እዚሁ ይሠራል። ልጁ እንዳይሞት የሚደረገው ጥናት ቀድሞ መምጣቱ ተገቢ ነው፤ በሕይወት የቆየው ልጅ በአራት ዓመቱ ምን እንደሚማር የሚያየው ግን ገና ቀጭን ነው።

ጥናት የሚያሻው ዋናው ነገር ቋንቋ ነው። ድሬዳዋ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ፣ ሐረር ደግሞ በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ታስተምራለች። ቤት ውስጥ ሶማልኛ፣ ጉሊት ላይ ኦሮምኛ፣ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘልል አማርኛ የሚናገር የመጋላ ልጅ ዝግጁነቱ በአንድ ቋንቋ ብቻ ሲለካ ከሚያውቀው ሲሶው ነው የሚታየው።