ወደ ጎን የሚወራ፣ ወደ ላይ የማይደርስ፦ የወቀሳ ባህልና የአብራሪዎች ዝምታ

የወቀሳ ባህል የሚባለው በአየር መንገድ ሥራ ውስጥ ስህተት ወይም ጉድለት በታየ ቁጥር «ምን ሆነ?» ከማለት በፊት «ማን አጠፋ?» የሚል አሠራር ነው። ይህ አሠራር በሰፈነበት ቤት አብራሪዎች ያዩትን አደጋ፣ የፈጸሙትን ስህተትና የተሰማቸውን ድካም ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ ይተዋሉ። ደብረ ብርሃን መደበኛ የመንገደኛ በረራ ስለሌላት እኛ አውሮፕላን የምናየው ከላያችን ሲያልፍ ነው። ነገሩን ለመረዳት ግን የጣርማበር መንገድ ይበቃል።

ከደብረ ብርሃን የተነሳ የጭነት መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ይውጠዋል፤ የፊት መብራት ቢበራ የሚያሳየው ያንኑ ጉም ነው። ደብረ ሲና ሲደርሱ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ የተቃጠለው ፍሬን ሽታ ቆሎ ሻጮቹ ድረስ ይሄዳል። ሾፌሩ ሻይ ቤት ገብቶ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ያወራል፤ ኩርባው ላይ ፍሬኑ አልይዝ እንዳለው፣ በከባድ ማርሽ እየጎተተ እንዳወረደው። የሰማ ሁሉ ይማርበታል። ማታ ባለንብረቱ ደውሎ «መኪናው እንዴት ነው?» ሲለው ግን መልሱ «ሰላም ነው፣ ጋሼ» ነው። እውነቱን ቢናገር «ፍሬኑን የጨረስከው አንተ ነህ» ተብሎ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ወይም ቁልፉን ሊያስረክብ ይችላላ! በማግሥቱ ያንኑ መኪና ሌላ ሾፌር ይይዘዋል።

ስለ አብራሪዎች ዝምታ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። አብራሪ ዝም አይልም። በሆቴል እራት ላይ፣ በሠራተኞች መኪና ውስጥ፣ ከጓደኛው ጋር በስልክ ሁሉን ይናገራል። ወሬው ወደ ጎን እንደ ልብ ይሄዳል፤ ወደ ላይ፣ ማለትም የበረራ መርሐ ግብሩን ሊቀይር፣ መሣሪያውን ሊያስጠግን፣ መመሪያውን ሊያርም ወደሚችለው ሰው ሲደርስ ግን «ሆድ ይፍጀው» ይባላል።

ለምን? ከሁሉ በፊት ፈቃዱ አለ። የአብራሪ ፈቃድ በየጊዜው በሕክምና ምርመራና በሲሙሌተር ፈተና እየተረጋገጠ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በገዛ እጁ የጻፈው ሪፖርት በግል ማህደሩ ገብቶ አንድ ቀን እንዳይመዘዝበት ይሠጋል። ረዳት አብራሪ ከሆነ የካፒቴንነት ተራው ሊያልፈው ይችላል። የሥልጠና ወጪውን በዓመታት አገልግሎት ለሚከፍል ወጣት መባረር ማለት ዕዳ ማለት ነው። በበረረበት ሰዓት ልክ ብቻ የሚከፈለው የኮንትራት አብራሪ ደግሞ መባረርም አያስፈልገውም፤ በሚቀጥለው ወር ሰዓቱ ቢቀነስ ይበቃዋል።

ከሪፖርቶች ሁሉ እጅግ የሚያስፈራው የድካም ሪፖርት ይመስለኛል። የደከመ አብራሪ እንዳይበር ደንቡ ይከለክላል። «ደክሞኛል» ያለ ሰው ግን «ሌሎቹ እንዴት ቻሉት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስለዚህ «አሞኛል» ብሎ ይቀራል። ለዚያ ቀን መፍትሔ ነው። ነገር ግን በሕመም ስም የተመዘገበ ድካም መርሐ ግብሩን አያርምም፤ ኩባንያው መዝገቡን ሲያገላብጥ ጉንፋን የበዛበትን ወር እንጂ እንቅልፍ የሚነሳውን መርሐ ግብር አያይም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለግለሰብ ነበር፤ እዚህ ግን የታማሚው መደበቅ የሚያሳውረው ሐኪሙን ነው።

ወሬ ወደ ጎን ሄዶ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ በላይ ያሳየው አደጋ የደረሰው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ነው። ቲደብሊውኤ 514 የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ አብራሪዎቹ «ለማረፍ መቅረብ ትችላላችሁ» የሚለውን የተቆጣጣሪ ፈቃድ «አሁኑኑ ዝቅ ማለት ትችላላችሁ» ብለው ተረዱት፤ ወደ 1,800 ጫማ ሲወርዱ ከፊታቸው ተራራ ነበር። በአውሮፕላኑ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ምርመራው ሲካሄድ የወጣው ነገር ከአደጋው ይልቅ ያማል። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ሥፍራ፣ ያንኑ ቃል በዚያው መንገድ ተሳስተው፣ ከተራራው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለኩባንያቸውም ተናግረዋል፤ ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል። ወሬው ከኩባንያው አጥር አልወጣም። የደብረ ሲናው ሻይ ቤት ቢያንስ የማንንም ሾፌር ያስተናግዳል!

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1975 አብራሪዎች ስህተታቸውን ያለ ፍርሃት የሚያሳውቁበት መርሐ ግብር ጀመረ። አብራሪዎቹ አላመኑትም። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ያው መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ «ና፣ ጥፋትህን ንገረኝ» ማለቱ ለማንም አይዋጥም። ስለዚህ በ1976 ሥራው የመቅጣት ሥልጣን ለሌለው ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ ተሰጠ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አብራሪው ቅጹን ሲሞላ ስሙንና አድራሻውን የሚጽፈው በራስጌው ባለች ቁራጭ ላይ ነው። ናሳ ቅጹ ሲደርሰው ያቺን ቁራጭ ቀዶ፣ የደረሰበትን ቀን ማኅተም አድርጎ ለራሱ ለአብራሪው ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ የማን እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ያለው አብራሪው ጋ ብቻ ነው። ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ፣ ወንጀል ወይም አደጋ ያስከተለ ካልሆነ፣ በ10 ቀን ውስጥ ሪፖርት ያደረገ ሰው ደንብ መጣሱ ቢረጋገጥበት እንኳ ቅጣቱ ይቀርለታል። ሥርዓቱ ዛሬም ይሠራል። ብሪታንያም በ1982 የራሷን ምስጢራዊ የሪፖርት መርሐ ግብር አቋቁማለች።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የአገራችን አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘም ዕዳው ለአገሬው ይተርፋል። ምስጢሩን የሚያወጣው ሰው ስሙ አይነሳም፤ «ወፍ» ይባላል። አባቶቻችን ተናጋሪው ካልተከለለ እንደማይናገር ከናሳ ቀድመው አውቀው ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ወፏ በምትፈለግበት ጉዳይ ላይ ነው። አፈርሳታ የተሠራው አውቆ ለሚሸሸግ ሌባ ነው። ካርታ ያሳሳተውን አብራሪ በአፈርሳታ ዓይን ማየት ግን ካርታውን እንዳለ ማስቀመጥ ነው፤ ሰውየው ይቀጣል፣ ቀጣዩም አብራሪ በዚያው ካርታ ይበራል።

የፍርድ ቤት ፍርሃትም አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1989 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በከባድ ጉም ለንደን ሂትሮው ለማረፍ ሲሞክር ከማኮብኮቢያው መስመር ወደ ጎን ወጥቶ፣ ካፒቴኑ እንደገና ሊያስነሳው ሲል ከአንድ ሆቴል ጣሪያ በላይ ለጥቂት አለፈ። በሁለተኛው ሙከራ በሰላም አረፈ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ወደ ኋላ ሲታይ ግን የተደራረበው ብዙ ነበር፤ ከበረራው ሠራተኞች ውስጥ በምግብ መመረዝ የታመሙ ነበሩ፣ ረዳት አብራሪው በእንዲህ ያለ ጉም ለማረፍ የሚያስችለው ፈቃድ አልነበረውም፣ ኩባንያው በጉዞ ላይ ሳሉ ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል፣ ነዳጁም እያነሰ ነበር። ፍርድ ቤት የቆመው ካፒቴኑ ብቻ ነው። በ1991 ጥፋተኛ ተብሎ 2,000 ፓውንድ ተቀጣ። ከማዕረጉ ዝቅ ተደርጎ ስለነበር ሥራውን ለቅቋል፤ በ1992 ራሱን አጠፋ። በዚያ ዓመት በጉም ውስጥ ለጥቂት የተረፈ ሌላ አብራሪ ቢኖር ኖሮ ሪፖርት ይጽፍ ነበር? እኔ በቦታው ብሆን አልጽፍም።

ዝምታው በራሱ በአብራሪዎች ክፍል ውስጥም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ደሴት በቴነሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን ለመነሳት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመስመሩ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ኩባንያው በማስታወቂያው የሚያወጣው የተከበረ አሠልጣኝ ነው፤ «አዎ» አለ፣ ነገሩ ተዘጋ። ታላቅ ሲናገር መቋረጥ እንደሌለበት ተምሮ ያደገ የመንዝ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው የቡድን ሥራ ሥልጠና ታናሽ ደፍሮ እንዲናገር፣ ታላቅም ሳይቆጣ እንዲሰማ የሚያለማምድ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከሩቅ የምናየው አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610፣ ያው ቦይንግ 737 ማክስ፣ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ያ አውሮፕላን ከመውደቁ በፊት በነበረው ምሽት በረራው ላይ ያንኑ ችግር አሳይቷል፤ የዚያ ምሽት አብራሪዎች ተቆጣጥረውት በሰላም አሳርፈዋል። በጥገና መዝገቡ ላይ ሲጽፉ ግን መሪው ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ መቆየቱንና ችግሩን ያስቆሙት የጅራቱን ማረጋጊያ ሞተር አጥፍተው መሆኑን አልጻፉም። በማግሥቱ ጠዋት አውሮፕላኑን የተረከቡት ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ያልጻፉት ፈርተው ነው ማለት አይቻልም። መዝገብ ግማሹን ብቻ ሲነግር ግን ውጤቱ ያው ነው።

ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ የሆነውንም እናስታውሳለን። ምርመራው ሳያልቅ በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ እንደራሴ «በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ይወጡት ነበር» የሚል አስተያየት ሰጡ። ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ ወድቆ፣ የቁጥጥር ሶፍትዌሩ በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ላይ ብቻ ተመርኩዞ አፍንጫውን ወደ ታች ሲጫነው የነበረ መሆኑ እየተነገረ፣ ጣት መጀመሪያ የተቀሰረው ወደ ሙታኑ ነበር። «ማን አጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ከፋብሪካው ይልቅ መልስ መስጠት ወደማይችለው ሰው ቶሎ ይደርሳል። ይህን የምለው በቁጭት ነው፤ አልሸሽገውም።

ዓለም አቀፉ ደንብ ከዚህ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ሥር ያለው 13ኛው አባሪ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ወቀሳ ወይም ተጠያቂነት ማደል እንዳልሆነ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው 19ኛው አባሪ ደግሞ አገሮች የደህንነት መረጃ የሚሰበስቡበትና የሚጠብቁበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው 376 ቁጥር ደንብ አብራሪው አደገኛ ክስተትን በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ በልምዱና በሥልጠናው ልክ በሠራው ስህተት እንዳይቀጣም ይከለክላል።

ይህ አካሄድ ፍትሐዊ ባህል ይባላል፤ «ማንም አይጠየቅ» የሚል ሥርዓት ነው ብለው የሚተቹት ግን አሉ። ትችቱ ልክ አይደለም። ሰክሮ የበረረ፣ ዐውቆ ደንብ የጣሰ፣ ከባድ ቸልተኝነት የፈጸመ ሰው በየትኛውም አገር ይቀጣል። አስቸጋሪው ከመካከል ያለው ነው፤ ሁሉም ሰው በልማድ የሚጥሰውን ደንብ እሱም ሲጥስ የተገኘ አብራሪ አጥፊ ነው ወይስ የቤቱ ልማድ ምስክር? መስመሩን የሚያሰምረው የዚያው አብራሪ አለቃ ከሆነ ደንቡ በወረቀት ቢያምርም ወሬው ተመልሶ ወደ ሆቴሉ እራት ይሄዳል። ሪፖርት ያደረገ ሰው መልስ ሳያገኝ ሲቀርም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጽፎ «ደርሶናል» እንኳ ያልተባለ አብራሪ አራተኛ አይጽፍም። ቅጣት ባይደርስበትም ጎመን በጤና ይላል።

በጭነት ማመላለሻ ሥራ እንዲህ ያለ ቅጽ አይቼ አላውቅም። ያለው የመንገዱ የራሱ ቋንቋ ነው። ጉም በያዘው የጣርማበር ኩርባ ላይ ከታች የሚመጣው ሾፌር መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፤ የሚወርደው ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ዳር ይጠጋል። የተናደ ድንጋይ ይሁን ዕቃ የጣለ መኪና፣ ኩርባውን ሲዞር ያየዋል። ማን እንዳስጠነቀቀው አይጠይቅም፤ ለዚያ ብልጭታም እስካሁን ከደመወዙ የተቆረጠበት ሾፌር የለም።