ያልተሠራው ፊልም ንድፎች የማን ናቸው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 መጨረሻ፣ በኢራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሲያዝ አምልጠው በካናዳ ዲፕሎማቶች ቤት ተደብቀው የነበሩ 6 አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች፣ በአሜሪካ የስለላ ድርጅት በሲአይኤ ዕቅድ የፊልም ባለሙያዎች መስለው ከቴህራን ወጡ። መሸፈኛ የሆናቸው «አርጎ» የተሰኘው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ፈጽሞ ያልተሠራ ሲሆን፣ ለማስመሰያ የተዘጋጁት ንድፎች ግን እውነተኛ ነበሩ። ስለ ሠሪዎቻቸው ዛሬም የተዛባ ነገር ይነገራል።

«ንድፎቹን ያሠራው ሲአይኤ ነው።»

አይደለም። ባሪ ጌለር የተባለ ፕሮዲውሰር፣ ሮጀር ዘላዝኒ በ1967 ያሳተመውን «ሎርድ ኦፍ ላይት» የተሰኘ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ፣ ከዚያም አልፎ በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ ግዙፍ የመዝናኛ ፓርክ ለመገንባት ተነሥቶ ነበር። የመቼቱንና የሕንፃዎቹን ንድፍ እንዲያወጣለት የመረጠው አንጋፋውን የኮሚክ ሰዓሊ ጃክ ከርቢን ነው። ውጥኑ በሕግ ጣጣ ተጠላልፎ ሲከሽፍ፣ በሥራው ተሳታፊ የነበረው የሜካፕ ባለሙያ ጆን ቻምበርስ ስክሪፕቱንና ንድፎቹን ለሲአይኤው መኮንን ለቶኒ ሜንዴዝ አቀበለ። ሜንዴዝ ርእሱን «አርጎ» ብሎ ለወጠው፤ የሰዓሊው ስም ከሥራው የተለያየውም በዚህ የርእስ ለውጥ ነው።

«ስለዚህ ማምለጥ በ2012 በተሠራው፣ ያንኑ «አርጎ» የሚል ርእስ በያዘው ፊልም ላይ የሚታዩት ሥዕሎች የከርቢ ናቸው።»

ለፊልሙ ተብለው እንደ አዲስ የተሣሉ ናቸው። ከርቢን ወክሎ የሚጫወት ተዋናይ ለአፍታ ብቅ ማለቱ ተመልካቹን ይበልጥ ያሳስታል።

«ከርቢ የምስጢሩ ተካፋይ ነበር።»

ንድፎቹን የሠራው ለጌለር ፊልም እንጂ ለስለላ ሥራ አልነበረም። ከርቢ በ1994 ሲሞት ሲአይኤ በጉዳዩ የነበረውን ድርሻ ገና ለሕዝብ አላሳወቀም፤ ይህ የሆነው በ1997 ነው።

«የሰዓሊውን አሻራ የሚያውቅ ዐይን ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።»

በዚህ ጉዳይ በጣም አሳሳቹ አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለው። የከርቢን ሥራ የሚያውቅ ሰው በማሽን ክፍሎች የታጨቁትን ግዙፍ ሕንፃዎችና ኃይልን ለማሳየት የሚደረድራቸውን ጥቁር ነጠብጣቦች ሲያይ ወዲያው ይለየዋል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የኮሚክ ሙያ አንዱ ሰዓሊ በእርሳስ የነደፈውን ሌላው በጥቁር ቀለም እየተከተለ መጨረሱ የተለመደ ነው፤ የእነዚህን ንድፎች እርሳስ በቀለም የጨረሰው ደግሞ ለዓመታት ከከርቢ ጋር የሠራው ማይክ ሮየር ነው። ስለዚህ የሥዕሉ ድርሰት የከርቢ ቢሆንም፣ በወረቀቱ ላይ የምናየው መስመር፣ ውፍረቱና ጥራቱ ጭምር፣ የሮየር እጅ ውጤት ነው። ስልት የነዳፊውን ማንነት ይጠቁማል፤ ቀለም የጨረሰውን ሰው ግን፣ በተለይ እንደ ሮየር ለእርሳሱ ታማኝ ከሆነ፣ ጭራሽ ሊሰውረው ይችላል። ያልተሠራ ፊልም በመጨረሻው ላይ የሚነበብ የባለሙያዎች ዝርዝር ስለሌለው፣ የእንዲህ ያለውን ሠራተኛ ድርሻ ለማረጋገጥ ውሎችን፣ ደብዳቤዎችንና የሥራ ባልደረቦችን ምስክርነት ማመሳከር ግድ ይላል። ከእነዚህ ሥዕሎች ሥር የሚጻፈው መግለጫም «በእርሳስ፦ ጃክ ከርቢ፤ በቀለም፦ ማይክ ሮየር፤ ለሎርድ ኦፍ ላይት ተሠርቶ በኋላ ለአርጎ የዋለ» ቢል ትክክል ይሆናል።